ጨቅላዋ የተፋችው

የካቲት 9፣ ማክሰኞ

አልኩት! በተቋሙ አዳራሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ሁለት ናቸው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ራሴንም ታዘብኩት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ ጭብጨባ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ያሰክረኛል።

ደስታው ሲበርድ መልሼ ማንበቤ ስለማይቀር ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ኮከብ ላይ ተጣብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገና ሕፃን ናት፤ የተወለደችበት የአቧራ ደመና ጥቅልል አድርጎ ስለሸፈናት በተራ ቴሌስኮፕ አትታይም። «ጨቅላዋ» እላታለሁ። በዙሪያዋ የሚሽከረከረውን ጋዝ ትውጣለች፤ ከዋጠችው ላይ ደግሞ ጥቂቱን በግራና በቀኝ ትተፋዋለች። የተፋችው ጋዝ ቀጭን ጭረት ሆኖ ደመናውን ሰንጥቆ ይወጣል። በእኛ ሙያ ጄት ይባላል። ጭረቱ ላይ እዚህም እዚያም የሚያበሩ ቋጠሮዎች አሉ።

ሁለት ምስል አለኝ። አንዱ ሙቀትን በሚያይ በታህተ ቀይ ካሜራ ከስድስት ዓመት ተኩል በፊት የተነሳ ነው። ሌላው ባለፈው ክረምት በራዲዮ ቴሌስኮፕ የተነሳ። አንዱን በአንዱ ላይ ሳነባብራቸው ከጨቅላዋ አጠገብ ሌላ ነጥብ ብቅ ይላል። መንታ አላት ማለት ነው! ግንቦት መጨረሻ ላይ የዶክትሬት ጽሑፌን የምከላከለው በዚህች መንታ ነው። እሷ ካለች አለሁ፤ ከሌለች ሦስቱን ዓመት ውሃ በላው።

አማካሪዬ ፕሮፍ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ድሮ ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማያሳልፉኝ ሰውዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጥሩ ነው።» በቃ። ጥሩ ነው! ሻይ ነው እንዴ?

የካቲት 10፣ ረቡዕ

እማዬ ጉድ ሠራችኝ። ጠዋት የታችኛዋ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አቅፋ ሳመችኝና «እንኳን ደስ ያለሽ፣ መንታ ነው አሉ!» ብላ ዓይኗን ሆዴ ላይ ተከለች። ለካ እማዬ ለፎቁ ሁሉ «ልጄ መንታ አገኘች» ብላ አውርታለች።

«እማዬ፣ ኮከብ የሚለውን አትጨምሪም?»

«እነሱ ኮከብ መች ይገባቸዋል።»

ለእሷ የገባት ይመስል! ግን አንዳንዴ ይገባታል። ጨቅላዋ የዋጠችውን መልሳ ትተፋለች ስላት ቅንጣት አልደነቃትም። «የጠገበ ሕፃን ነው የሚያስመልሰው። ደኅና ናት ማለት ነው» ብላኝ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የካቲት 18፣ ሐሙስ

ደብዳቤ ከዚያኛው ቡድን። እነሱም የእኛን ደመና ያጠናሉ። በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ጨዋነቱ ነው ያበገነኝ። «ሁለቱን ምስሎች በምን እንዳጋጠማችኋቸው ብታብራሩልን ደስ ይለናል።» ደስ አይበላችሁ! በምን አጋጥማቸዋለሁ፣ በሙጫ?

ወስጄ ለፕሮፍ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትንሽ ቆዩና መለሱልኝ። «አንብቢልኝ እስቲ፣ ዛሬ ደክሞኛል።» አነበብኩላቸው። «መልሺላቸው» አሉ። አሁን አሁን ሁሉንም ነገር እኔ ነኝ የማነብላቸው። ስልካቸውን እንኳ። ሰነፉ። ወይ ደግሞ እኔን ነው የሰለቹት።

ለደብዳቤው ሰዎች አልመለስኩም። ይቆዩ።

የካቲት 26፣ ዓርብ

ተፈቀደልኝ!!! የራዲዮ ቴሌስኮፑ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግማሽ ቀን የእኔ ነው። ያበሠረችኝ አንቴና ናት። የቴሌስኮፑ ቴክኒሻን ናት፤ አንቴና ያልናት ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ በተቋሙ ውስጥ የሚወራ ነገር አያመልጣትም። «ያቺን መንታሽን አጥምጄ ካልሰጠሁሽ ከዚህ ማማ ላይ ውርውር ልበል» አለችኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። «በቀን? በጠራራ ፀሐይ? ምን ኮከብ አለና?» ራዲዮ ከፀሐይ ጋር ጠብ እንደሌለው ላስረዳት ሞከርኩ። የቤታችን ሬድዮም እኮ ቀን ይሠራል፣ አልኳት። ደመናችን ከሚያዝያ ጀምሮ ከፀሐይ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይገባል፤ ስለዚህ የታህተ ቀይ ካሜራዎቹ ዘንድሮ ሊያዩት አይችሉም። የቀረኝ ራዲዮው ብቻ ነው። «እንግዲህ ካልሽ» አለችና ቻናል ቀየረች።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

ኮሪደር ላይ የሰማሁት። የሚያወሩት ሁለቱ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ናቸው፤ እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጫማዬን አስራለሁ።

«ፕሮፌሰሩ ለምን ጡረታ አይወጡም? ከግድግዳ ጋር ሁሉ ይጋጫሉ እኮ።»

«ልጅቷን እስኪያስመርቁ ነው አሉ።»

ልጅቷ! ልጅቷ ከናንተ ትበልጣለች! ወጥቼ ልናገራቸው ብዬ ተውኩት። ጫማዬም አልታሰረ።

ከዚያ ደግሞ ፕሮፍ ራሳቸው በአጠገቤ አለፉ። ሰላም አላሉኝም። መስኮቱ ጋ፣ ብርሃኑ ላይ ቆሜ፣ ፊት ለፊት እየተያየን! «ፕሮፍ» ስላቸው ደንገጥ ብለው «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብለው ፈገግ አሉ። ምን አድርጌአቸው ነው? ተስፋ ቆርጠውብኛል። በግልጽ አይነግሩኝም፤ ጨዋ ናቸዋ።

መጋቢት 8፣ ረቡዕ

ምዕራፍ ሦስት አላለቀም። ማስተማር አለብኝ። የእማዬ መድኃኒት። ሁለት ቀን ፀጉሬን አላበጠርኩም። ለነዚያ ሰዎች አልመለስኩም። ነገ እመልሳለሁ።

መጋቢት 16፣ ሐሙስ

ካልጻፍኩት አልተኛም።

ፕሮፍ ቢሮ ነበርኩ። «ለሰዎቹ መልሰሽላቸዋል?» አሉኝ። አልመለስኩም አልኩ። «እንግዲያው ለእኔ መልሺልኝ። ምስሉን ከነጭራሹ እንደማያይ ሰው ቁጠሪኝና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።» ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ንቀት መሰለኝና ተናደድኩ። ተናድጄም ጀመርኩ።

«ሁለቱን ምስሎች ያጋጠምኩት በትልቁ ቋጠሮ ነው። ሁለቱም ላይ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው።»

«እሺ። ቋጠሮው ምንድን ነው?»

«ጋዝ ነዋ፣ ፕሮፍ! ጨቅላዋ የተፋችው።»

«እሺ፣ ቀጥይ።»

«የተፋችው ጋዝ ነው፣ ከእሷ እየራቀ የሚሮጥ...»

የሚሮጥ! በሁለቱ ምስሎች መካከል እኮ ስድስት ዓመት አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሮጥ የኖረን ነገር እንደ ችንካር ቆጥሬው፣ የራዲዮውን ምስል ወደ ኋላ ጎትቼ አሮጌው ቦታ ላይ ሰክቼዋለሁ። ምስሉ ሲጎተት ጨቅላዋም አብራ ተጎተተች። በአንዱ ምስል ቦታዋ ላይ ታየች፣ በሌላው ከቦታዋ ተንሸራትታ ታየች፤ እኔም ሁለት ናቸው ብዬ አስጨበጨብኩ። ቤቴ እዚያ ከቆመው አውቶቡስ አጠገብ ነው ብሎ እንግዳ እንደ መጥራት ነው። አውቶቡሱ ሄዷል!

መንታ የለችም። አንዷን ልጅ ሁለቴ ቆጥሬአት ነው።

ለፕሮፍ «አንዴ መጣሁ» ብያቸው ወጣሁ። አልተመለስኩም።

መጋቢት 17፣ ዓርብ

ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ። ውሸት ነው። ውሸትም አይደለም።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ሚያዝያ ላይ አዲስ ምስል ይነሳል፣ መንታዋ «ደብዝዛለች» እላለሁ፣ ጽሑፌ ግን ያልፋል። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ጽፌዋለሁ እንግዲህ። ማፈሪያ።

ግን ፕሮፍ እንዴት አላዩትም? ሁለት ወር ሙሉ ምስሉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር! ድሮ ቢሆን ከበሩ ላይ ሆነው በአንድ ዓይናቸው አይተው ይስቁብኝ ነበር። «ጥሩ ነው» አሉኝ እኮ። «ጥሩ ነው!»

መጋቢት 19፣ እሑድ

እማዬ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሦስት ቀን ሙሉ ትራስ ታቅፈሽ! ሰው ሞቶብሻል ወይስ ሰው ከድቶሻል?»

«መንታዋ የለችም፣ እማዬ።»

«ሞተች?» ብላ ደረቷን ያዘች።

«አልነበረችም። ተሳስቼ ነው።»

ደረቷን ለቀቀች። ከዚያ «እኔ ታዲያ ለፎቁ ሰው ምን ልበል?» አለችና በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳልፈልግ አሳቀችኝ፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነብኝ። ፀጉሬን ስትዳብሰኝ ቆየችና እንደ ዋዛ ጠየቀችኝ።

«አንዷስ? ደኅና ናት?»

«የቷ አንዷ?»

«ያለችዋ ናታ። ያሳደግሻት።»

ጨቅላዋን ረስቻት ነበር! መንታዋን አልቅሼ ስቀብር ስለ እሷ አንዴም አላሰብኩም። ተነስቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ምስሉ ዳር ላይ ሦስት ደብዛዛ ኮከቦች አሉ፤ ቦታቸው በትክክል የታወቀ ነው፣ ግን ደብዛዛ ስለሆኑ ንቄአቸው ነበር። የራዲዮውን ምስል ወደ ቦታው መልሼ የታህተ ቀዩን በእነሱ አስተካከልኩት። ጨቅላዋ ጨቅላዋ ላይ ልክክ አለች። ቋጠሮዎቹ ደግሞ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ ውጭ ሸሽተዋል። ልባቸው እስኪጠፋ ሮጠዋል! መንታ ስፈልግ እግሬ ሥር የነበረውን ሩጫ ዘልዬዋለሁ።

ሌላም አለ። በራዲዮው ምስል ጨቅላዋ ጎን ላይ ትንሽ እብጠት አለች። በአሮጌው ምስል የለችም። አዲስ ቋጠሮ ብትሆንስ? እኛ እያየናት የተፋችው? ጥፋት ልትሆንም ትችላለች፤ የምስል ጉድፍ። ከእንግዲህ አልጮኽም። ግን ከሆነች ከባለፈው ክረምት ወዲህ መራቅ አለባት። ሚያዝያ ላይ ይለያል።

እማዬ ከጓዳ «ደኅና ናት ወይ?» አለችኝ። ደኅና ናት፣ በጣም ደኅና ናት አልኳት።

መጋቢት 20፣ ሰኞ

ለፕሮፍ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስህተት እንዳገኘሁ ገብቷቸው ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ከትንፋሼ። እንድናገር ነበር የጠበቁት። ያኔ ቁጣዬ መጣ። ድምፄን አነሳሁባቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእሳቸው ላይ ድምፄን አነሳሁ።

«እንዴት አላዩትም? ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር እኮ! ግድ አጥተው ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስላስቀመጡት ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ብለው ወለሉን በእጃቸው ይዳስሱ ጀመር፤ መነጽሩ ከእጃቸው አጠገብ ነበር።

«መሃሉ ሄዷል» አሉ እንደዚያው ጎንበስ እንዳሉ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። በር አያለሁ፣ ሰው መሆኑን አያለሁ። የማየውን ነገር ግን በቀጥታ ሳየው የለም። ከዓመት በላይ ሆነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ከተናገርኩ ያሳርፉኛል። አንቺን ለሌላ ሰው ይሰጡሻል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ከዜሮ ጀምሪ ይልሻል። እስክትጨርሺ ልቆይ ብዬ ነው። ምስልሽን ጥሩ ነው ያልኩሽ ሳላየው ነው። በደልኩሽ።»

በደሉኝ! እኔ እኮ «ሰነፉ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ እዚሁ፣ ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ። «ሰለቹኝ» ብዬባቸዋለሁ። መነጽሩን አንስቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን የቋጠሮዎቹን ሩጫ አንድ በአንድ አወራሁላቸው። ሲያዳምጡ ፊታቸው የልጅ ፊት ይመስላል። ለካ ናፍቋቸዋል።

መጋቢት 28፣ ማክሰኞ

በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት «አንድ ናት» አልኩ። ጭብጨባ የለም። አንዱ ሳል ሳለ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ደረጃ በደረጃ አሳየሁ፤ አውቶቡሱንም ነገርኳቸው፤ ጥቂቶች ሳቁ። ለነዚያ ሰዎችም ያንኑ ጽፌ ላክሁ።

ኃላፊያችን ቆፍጣና ሴት ናት፣ አትስቅም። «የራዲዮ ጊዜው የተሰጠው ለመንታዋ ነበር» አለች። አዎ አልኩ፤ ግን አዲሷን ቋጠሮ ላያት ፍቀዱልኝ። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። «አንዴ ተሳስተሻል። ጊዜውን ውሰጂ። ግን ውጤቱን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አይተው ካላረጋገጡልኝ አልቀበልም። በዓይናቸው።»

ፕሮፍን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው «መልካም» አሉ።

ሚያዝያ 8፣ ዓርብ

በዓይናቸው። በዓይናቸው። በዓይናቸው። ከዚህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ሚያዝያ 21፣ ሐሙስ

የራዲዮ ጣቢያው። ትልልቆቹ ሳህኖች በጠራራ ፀሐይ ሜዳው ላይ ተሰልፈው ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል፤ ሰማዩ ላይ ግን ከፀሐይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። አንቴና በር ላይ ቆማ ስልካችንን ሁሉ ሰበሰበች፤ ምሳ ማሞቂያ ማይክሮዌቩን እንኳ ብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፋዋለች። «የሱ ጩኸት ከኮከብሽ ጩኸት ይበልጣል» አለችኝ። ክፍሉ በረዶ ነው። ፕሮፍ ካፖርታቸውን ለብሰው ከማሽኖቹ ድምፅ ጋር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ሳህን ሥራ መሃል ላይ ተሰናከለ። አንቴና የማላውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደበችው፤ ምሳ ሳትበላ ሮጣ አስተካከለችው። ከዚያ በሰላም አለቀ። ምስሉ ተጣርቶ እስኪወጣ ጥቂት ቀን መጠበቅ አለ።

አንቴና ስትሸኘኝ ክንዴን ያዘችኝ። «ፕሮፌሰሩ አያዩም፣ አይደል?» ምን ልበላት? ፊቴን አዞርኩ። «ተይው፣ ከእኔ አያልፍም» አለች። የሰማችው ነገር ከእሷ ሳያልፍ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ይሆናል።

ሚያዝያ 25፣ ሰኞ

አለች! አለች አለች አለች!

ምስሉ ሲወጣ ፕሮፍ አጠገቤ ነበሩ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ረሳኋቸው። «ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ አታስጨንቂኝ» አሉ። ጨቅላዋ በቦታዋ ናት አልኳቸው። እብጠቷ ከእሷ ተለይታለች፣ ራሷን የቻለች ነጥብ ሆናለች፣ በመካከላቸው ጨለማ ገብቷል። ከባለፈው ክረምት ይልቅ ርቃለች። ትሮጣለች። ተጠራጥረው በአራት መንገድ ጠየቁኝ፤ በአራቱም ለካሁ፣ ውጤቱ አልተነቃነቀም።

«በዚያኛው ወገንስ?» አሉኝ።

«በዚያኛው ወገን ደመናው ድፍን ነው፣ ፕሮፍ። የታህተ ቀዩ ምስል ላይ ምንም አይታይም።»

«አሁን የምታዪው ግን ራዲዮ ነው። ራዲዮ ደመና አያግደውም። በሁለት ወገን ነው የምትተፋው።»

የምስሉን ብርሃን ከፍ አደረግሁት። በዚያኛው ወገን፣ በእኩል ርቀት፣ የፈዘዘች ነጥብ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ለመፈለግ እንኳ አላሰብኩም ነበር። እሳቸው ሳያዩ የት እንደምፈልግ ነገሩኝ። ደስታዬን የምጽፍበት ቃል የለኝም።

ግንቦት 10፣ ማክሰኞ

ጽሑፉ አለቀ። ተላከ። ከፈታኞቼ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ደብዳቤ የጻፈው ሰውዬ።

አሁን የቀረው «በዓይናቸው» ነው። አንቴና «አይተዋል ብትሉ ማን ይመረምራችኋል?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ማንም። እኔም ስንት ጊዜ «ፕሮፍ፣ አይቻለሁ ይበሉ በቃ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አይቻለሁ ካሉ ይዋሻሉ፤ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ውሸት የላቸውም። አላየሁም ካሉ የእኔ ነገር አበቃ። ምን ይሻላል ስላቸው «እናያለን» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰሞኑን እማዬም አላስቻላትም። ለጎረቤቷ «መንታ አይደለም፣ አንድ ነው ግን ጤነኛ ነው» ብላ አስተካክላለች። ይኸው ዛሬ የሕፃን ካልሲ ተሰጠኝ። ሁለት ጥንድ።

ግንቦት 26፣ ሐሙስ

ሁሉም አለቀ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ይጫወታል፤ መኝታ ክፍሌን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ስለ ጨቅላዋ መናገር ስጀምር ጽሑፌን እየተከላከልኩ መሆኔን ረሳሁት። የደብዳቤው ሰውዬ በቪዲዮ፣ ከስክሪኑ ላይ ሆኖ ክፉኛ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩለት። የማላውቀውን አላውቅም አልኩት።

ከዚያ ኃላፊያችን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረች። «ፕሮፌሰር፣ እንደ ስምምነታችን እጠይቅዎታለሁ። ይህን ቋጠሮ እርስዎ ራስዎ በዓይንዎ አይተውታል?»

ፕሮፍ ተነሱ። ወንበሩን ይዘው ነው የተነሱት። በውስጤ «አዎ ይበሉ፣ አዎ ይበሉ» እላለሁ።

«አላየሁትም» አሉ። «የእኔ ዓይን ማየት ካቆመ ከዓመት አልፎታል። ደብቄአችሁ ነበር፤ ለዚህ እጠየቃለሁ። ይህችን ኮከብ ያየሁት በእሷ አፍ ነው። የመጀመሪያውን ምስል ሳላየው ጥሩ ነው ብያት ነበር። ስህተቱን ያገኘችው፣ ያፈረሰችው፣ እዚህ ቆማ የነገረቻችሁ እሷው ናት። ዝም ብትል ኖሮ እኔ ልይዛት አልችልም ነበር። ስለዚህ ዛሬ አለች ስትለኝ አምናታለሁ። የእኔ ማረጋገጫ ይኸው ነው፤ የማይበቃ ከሆነ የእኔ ጥፋት እንጂ የእሷ አይደለም።»

ኃላፊያችን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ማይክሮፎኑን ከፈተ። «መረጃውን ልካልኝ እኔም አይቼዋለሁ» አለ። «ቋጠሮዋ አለች፤ በሁለቱም ወገን። በዓይን ከሆነ የእኔን ዓይን ቁጠሩት። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ መጋቢት ላይ የጻፈችልኝ የስህተቷ ደብዳቤ ነው።»

ሊመክሩ አስወጡኝ። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል፤ እማዬ፣ አንቴና፣ እነዚያ ሁለቱ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ሁሉ። እማዬ ውሃ ይዛለች፣ እኔን እያየች ራሷ ትጠጣዋለች። ጥፍሬን በላሁት። ፕሮፍን አሳረፉብኝ፣ እኔን ብለው ሥራቸውን አጡ እያልኩ ነው። ስለ ጽሑፌ ማሰብ ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጡት ፕሮፍ ናቸው። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው እያያቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ ምንም ሳይደብቁ፣ ቀስ ብለው መጡ። «የት ናት?» አሉ ጮክ ብለው። «እዚህ ነኝ» አልኩ። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«ነይ ምሪኝ፣ ዶክተር።»

እማዬ እልል ብላ ጠርሙሱን ጣለችው። አንቴና ትጮኻለች። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ተራመድኩ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። ደረጃው ጋ ስንደርስ ሁሉም እየሰማ «ደረጃ አለ፣ ፕሮፍ» አልኳቸው።